የድሮ ሬዲዮ ድራማ ለዛ ከየት ይመጣል?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

እኔና ጓደኞቼ የድምፅ ድራማ ጀምረናል። በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚወጣ፣ እንደ ድሮው የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ያለ። ምስል የለውም። ቴሌግራም ላይ ልንለቀው አስበናል። ታሪኩ እዚሁ ድሬ ነው፣ በ1950ዎቹ፣ ለገሀር አካባቢ። ከጅቡቲ በመጣው ባቡር አንድ ሣጥን ይወርዳል። ባለቤት ነኝ የሚል ይጠፋል። ጣቢያው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሣጥኑን ማን እንዳወረደው አይታለች። ግን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የሚመጣው እሷ ዝም በማለቷ ነው።

ለምን በድምፅ? ምክንያቴ አያቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አሁን ዓይናቸው በጣም ደክሟል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲከፈት ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ። ሬዲዮ ሲከፈት ግን «ትራስ አስደግፉኝ» ብለው ቀና ይላሉ። እሳቸው ቁጭ ብለው የሚሰሙት፣ የሚያውቋት ከተማ ያለችበት ታሪክ መሥራት እፈልጋለሁ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ድሬ ውስጥ ብዙ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል ቀድተናል። ድምፅ የሚያቀናብረው ጓደኛችን የድሮ ሬዲዮ እንዲመስል ብሎ ሽሽታ («ሽሽ» የሚል ድምፅ) ጨመረበት። የሰዎቹን ድምፅ አቀጠነው። መግቢያው ላይ የማርሽ ባንድ ሙዚቃ አስገባ። ሲጀምር ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ጆሮ ይደክማል። ደግሞ ሰዎቹ አንድ ቦታ ያሉ አይመስሉም። የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ ግን ለይቼ መናገር አልቻልኩም።

የውጭዎቹንም አዳመጥኩ። «ዌልካም ቱ ናይት ቬል» የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚወጣ ነው። በረሃ ውስጥ ያለች አንዲት ከተማ፣ አንዲት የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ፣ አንድ ዜና የሚያነብ ሰው። በቃ። «ትሪሊንግ አድቬንቸር አወር» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ ውስጥ መድረክ ላይ የተጀመረ ነው። ተዋናዮቹ ወረቀታቸውን ይዘው ማይክ ፊት ቆመው ይጫወታሉ። ተመልካቹ ሲስቅ ይሰማል። ሁለቱም የድሮ ሬዲዮ ለዛ አላቸው። ሁለቱም ውስጥ ሽሽታ የለም።

ስለዚህ ለዛው ከየት ነው የሚመጣው? ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን እንቅዳ ወይስ እያንዳንዳችን በየስልካችን ቀድተን እናገጣጥመው? (አንዱ ተዋናያችን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፤ እስካሁን እየቀዳ ነው የሚልክልን።) ተራኪ ያስፈልገናል? አንድ ክፍል ስንት ደቂቃ ይሁን? ሌላው የቋንቋው ነገር ነው። ድሬ ውስጥ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማሊኛ ይጨርሳል። እንደዚያው እናድርገው ወይስ ጎንደር ያለው አድማጭ እንዳይጠፋበት እናስተካክለው?

ሳቢያን

ሽሽታውን አውጡት።

የድሮው ሬዲዮ ድምፁ የቀጠነው ማንም ፈልጎት አይደለም። ያኔ ሬዲዮ ይተላለፍበት የነበረው መካከለኛ ሞገድ (ሚዲየም ዌቭ) ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ብዙም አያሳልፍም። «ሰ» ከ«ፈ» የሚለየው ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ባለው ድምፅ ነው። ስለዚህ አድማጩ ግማሹን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ እየገመተ ነበር የሚሰማው። ጥሩ የሬዲዮ ተዋናይ ይሄን ያውቃል። ቃሉን ያጠራል፣ መጨረሻውን አይውጠውም፣ አይቸኩልም። ማሽኑ የወሰደበትን በአፉ ይመልሳል። እናንተ የማሽኑን ድክመት ወሰዳችሁና አነጋገሩን ተዋችሁት።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰማችሁ በስልክ ስፒከር ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ራሱ ያስቀራል። እናንተ ደግሞ ቀጭኑን ከቆረጣችሁ ምን ይተርፋል?

ሽሽታው ታሪኩ ውስጥ ሬዲዮ ያለበት ቦታ ይግባ። ቡና ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል እንበል። ያ ሬዲዮ «ሽሽ» ይበል፣ ድምፁም ይቅጠን። ሰዎቹ ግን በንጹህ ድምፅ ያውሩ። አድማጩ ሁለቱን ሲለይ ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ እንዳለ ያያል።

ባለባጃጁ (ድሬዳዋ)

አቦ ደስ የሚል ነገር ነው የጀመራችሁት! እኔ ቀኑን ሙሉ ትረካ እየሰማሁ ነው የምነዳው። እዚሁ ድሬ ውስጥ፣ ከታይዋን ቀፊራ፣ ከቀፊራ ሳቢያን። እንደ አድማጭ ብቻ ልናገር።

እኔ ሙሉውን አልሰማም። ሰው ሲገባ ሒሳብ እንነጋገራለን። መንገድ ላይ ጥሩምባ አለ። ስመለስ ማን እያወራ እንደሆነ ወዲያው ማወቅ አለብኝ። ትረካ ላይ ተራኪው «አለ እከሌ» ይለኛል። ድራማ ላይ የሚነግረኝ የለም። እኩያ የሆኑ ሁለት ወንዶች ድምፃቸው ከተቀራረበ እኔ ጠፋሁ። ድምፃቸው የሚለያይ ሰዎች ምረጡ። አንዱ ጎርናና ከሆነ ሌላው ቀጠን ይበል፣ አንዱ ከፈጠነ ሌላው ዘግየት ይበል። ስማቸውንም እየተጠራሩ ያውሩ፤ በየቃሉ ግን አይደለም።

ሲጀምር ደግሞ ባለፈው የት እንደቆምን በአጭሩ ንገሩን። ሳምንት ሙሉ ብዙ ነገር እንሰማለን።

ቋንቋውን እንዳትነኩት። እኔ ሰው ቆሞ ሳይ «ኤሳ ዴምታ?» እላለሁ። ሰውየው «ቀፊራ አድርሰኝ» ይለኛል። ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው አጠገባችን ቢኖር እንኳ ምን እንደጠየቅኩ ከመልሱ ይገባዋል። እንደሱ አድርጉት። ድሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በንጹህ አማርኛ ስታወራ ብሰማ ድሬ ናት ብዬ አላምንም ወላሂ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ሳቢያን ደርሰን «ቆይ ልጄ፣ ይጨርስ» ብለው አልወርድም አሉ። ሞተሩን አጥፍቼ አብረን ሰማን። እንደዚያ የሚያስቀምጥ ነገር ሥሩልን።

ቲቸር ከሐረር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አያትሽን እግዜር ዕድሜ ይጨምርላቸው።

ሐረር ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራ ላይ እያለሁ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሚኒ ሚዲያን ታውቂዋለሽ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ማይክ፣ ግቢው መሀል ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ። በዕረፍት ሰዓት ተከታታይ ድራማ እናስተላልፍ ነበር። ቀድተን ሳይሆን በቀጥታ። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሳምቡሳ ይገዛሉ፣ ይጣላሉ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ በጆሯቸው ብቻ መያዝ ነበረብን። ያዝናቸውም። ደወል ከተደወለ በኋላ ምሰሶው ሥር ቆመው የሚቀሩ ልጆች ነበሩ።

ማይኩ አንድ ብቻ ስለነበር የተማርነው ርቀትን ነው። ማይኩ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋ ልጅ የሚያስበውን ይናገራል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቆመ ከሰው ጋር ያወራል። በሩ ጋ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቶ የሚናገር እየወጣ ነው። እየተናገረ ወደ ማይኩ የሚራመድ እየመጣ ነው፤ «መጣሁ» ማለት አያስፈልገውም። ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርግ ነበር። እዚህ ቁም፣ እዚህ ጋ ዙር፣ ከዚህ አትለፍ። ተመልካች የሌለው መድረክ ነበር፤ ግን መድረክ ነበር።

ሰዎቻችሁ አንድ ቦታ ያሉ የማይመስሉት ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። እያንዳንዱ በየክፍሉ፣ በየስልኩ ከቀዳ ሁሉም እኩል ቅርብ ይሆናሉ። ማንም ወደ ማንም አይሄድም። ማንም የሌላውን ትንፋሽ ሰምቶ አይቸኩልም፣ አያመነታም፣ ቃል አይነጥቅም። የሐረማያው ልጅ ቅዳሜ ይምጣ። መንገዱ ሩቅ አይደለም። አንድ ማይክ መሀል አቁሙና ዙሪያውን ቁሙ። ለዛው በመጀመሪያ የሚመጣው ሰዎች አንድ ላይ ከመሆናቸው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዝምታ ነው። ወጣቶች ዝምታን ትፈራላችሁ፤ ክፍት ቦታ ሁሉ ላይ ሙዚቃ ትሞላላችሁ። ኦርሰን ዌልስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1938 በአሜሪካ ሬዲዮ የሠሩትን ድራማ ፈልጊና አዳምጪው፤ ቅጂው አለ። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ምድርን ወረሩ የሚል ታሪክ ነው፤ በዜና መልክ ነው የቀረበው። አንድ ዘጋቢ ከሜዳው ሆኖ የሚያየውን ይናገራል። ሰው ይጮኻል፣ እሳት ይነሳል፣ ዘጋቢው እየተናገረ ድምፁ ድንገት ይቋረጣል። ከዚያ ምንም የለም። ያቺ ባዶ ጊዜ ከጩኸቱ ሁሉ ትበልጣለች። ያን ዘጋቢ ሆኖ የተጫወተው ፍራንክ ሪዲክ እንዴት እንደተዘጋጀ ታውቂያለሽ? ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ሂንደንበርግ የተባለችው የጀርመን አየር መርከብ ስትቃጠል ቦታው ላይ የነበረ ጋዜጠኛ ነበር። እያለቀሰ የዘገበው ተቀድቷል። ሪዲክ ያንን ቅጂ ደጋግሞ አዳመጠ። የደነገጠ ሰው ድምፅ የት ጋ እንደሚሰበር በጆሮው አጠና። ሻይ ሻጯን የምትጫወተው ልጅም ለገሀር በር ላይ ትቀመጥ። ሻይ የሚሸጡት እናቶች ሰው ሲጠራቸው እንዴት እንደሚመልሱ ትስማ።

ሦስተኛው ድምፅ መፍጠሩ ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። ከኢንተርኔት የምታወርዱት በር የሌላ አገር በር ነው። የሌላ አገር ዝናብ የሚዘንበው በሌላ ጣራ ላይ ነው። የኛ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ነው። የድሮዎቹ የውጭ አገር ባለሙያዎች የፈረስ ኮቴን በተሰነጠቀ የኮኮናት ቅርፊት፣ ነጎድጓድን በሰፊ ስስ ብረት፣ እሳትን በሚንኮሻኮሽ ወረቀት ነበር የሚሠሩት። እኛ ኮኮናት ከየት እናምጣ? ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል ይዘን የጋሪ ፈረስ እናስኬድ ነበር፤ በጣም ይመስላል። እናንተ ደግሞ ደቻቱ አለላችሁ። ከወንዙ ደረቅ አሸዋ አምጡና ሰፊ ትሪ ላይ አድርጋችሁ ርገጡበት። ሙቀጫና ዘነዘና ከቤት አይጠፋም። ድምፁን የሚያወጣው ሰው ከተዋናዮቹ ጋር እዚያው ይቁም፣ አብሮ ይጫወት። ተዋናይዋ ብርጭቆ ስታስቀምጥ ከሰማች ድምፅዋ ይለወጣል። በኋላ ብትጨምሩት አይለወጥም።

የማርሽ ሙዚቃውንም ተዉት። አሜሪካኖቹ «ኢነር ሳንክተም» የሚባል የሚያስፈራ ተከታታይ ነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1952። የሚከፈተው በሚያቃስት በር ነው። ያዘጋጀው የነበረው ሃይማን ብራውን ሬዲዮ ድራማ ሞተ ከተባለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ሌላ አዲስ ተከታታይ ሲጀምር ያንኑ የሚያቃስት በር ይዞ ተመለሰ። እስከ 1982 ሄደለት። አድማጩ በሩን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ያንቺ ሻይ ሻጭ ብርጭቆና ማንኪያ አላት። ስኳሩን ስታማስል ያለው ድምፅ መግቢያሽ ይሁን። በየክፍሉ በዚያ ይከፈት። አንድ ቀን ደግሞ ማማሰሉ መሀል ላይ ቢቋረጥ፣ አንዲት ቃል ሳትናገሪ አንድ ነገር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ክፍሉን በሚመለከት፣ ድሬ በሙቀቱ ቬንቲሌተር ሳይዘጋ አይቀዳም፤ ዘግቶም አይቀመጥም። ጀጎል ውስጥ ያሉት የድሮ የሐረሪ ቤቶች ግን ለዚህ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ከፍ ከፍ ያለው መቀመጫ ሁሉ ምንጣፍና ትራስ አለው። ግድግዳው ላይ ስፌት ተሰቅሏል። ድምፅ አያስተጋባም። አየሩም ቀዝቃዛ ነው። የማውቃቸው ሰዎች አሉ፤ ከፈለጋችሁ እለምንላችኋለሁ። ቤታቸውን አክብራችሁ ግቡ እንጂ እምቢ አይሉም።

ተራኪን አትጣሉት። የአማርኛ አድማጭ ጆሮው ያደገው በትረካ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ አንድ ሰው ብቻውን አገር ሙሉ ሰው ሆኖ ነበር። እኛ ድምፅ ብቻ ሲባል የምናውቀው ያንን ነው። ግን ትረካና ድራማ ለየቅል ናቸው። ትረካ ውስጥ ተራኪው ሁሉንም ይሸከማል። ድራማ ውስጥ ጆሮ ሊሰማው የማይችለውን ብቻ ይናገራል፤ «ሦስት ወር አለፈ»፣ «በዚያው ሌሊት መጋላ ውስጥ»። ብርጭቆው ሲሰበር ከተሰማ «ብርጭቆው ተሰበረ» አይበል። እኔ ብሆን ሻይ ሻጯ ራሷ፣ ካረጀች በኋላ፣ እንድትተርከው አደርግ ነበር።

ጽሑፍ አዘጋጅ (አዲስ አበባ)

ቲቸር ስላሉት የድምፅ ሥራ ምንም የምጨምረው የለኝም። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እኔ ለተከታታይ ድራማ ስክሪፕት እጽፋለሁ፤ ከዚያ አንጻር ነው።

ሻይ ሻጯ አርጅታ ከተረከችው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሁለት ነገር እናውቃለን። አንደኛ፣ አልሞተችም። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ተናግራለች፤ ይኸው እየነገረችን ነውና። የታሪካችሁ ጉልበት ያለው «ትናገር ይሆን?» የሚለው ላይ ነው። ያን ለምን ትሰጡታላችሁ? ተራኪ ካስፈለገ የጣቢያው ደወል ደዋይ ይሁን። ሁሉንም ያያል፤ የልቧን ግን አያውቅም።

አሁን ስለ ታሪኩ አካሄድ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሬዲዮ ተከታታይ «የቀን ቅኝት» ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው፣ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈ፣ 257 ክፍል። በኦሮምኛም «ዲምቢባ» ነበር። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር የተሠሩ ናቸው። ግን ሰው የተከተላቸው ለትምህርቱ ብሎ አልነበረም። ዘዴው የመጣው ከሜክሲኮ ነው፤ ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ሰው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የጀመረው። ሦስት ዓይነት ሰው አለ። ደግ ነገር የሚወክል፣ ክፉ ነገር የሚወክል፣ መሀል ላይ የሚዋልል። አድማጭ የሚከተለው የሚዋልለውን ነው። ስለሚመስለው ነው። በእሱ ስህተት ይናደዳል፣ «ተው!» ይለዋል፣ ሲነሳ ይነሳል። የእናንተ ሻይ ሻጭ የምትዋልል ሰው ናት፤ ያዟት። በየክፍሉ ለመናገር የሚገፋት አንድ ነገር፣ ዝም እንድትል የሚይዛት ሌላ ነገር ይኑር።

እና እባካችሁ አትስበኩ። የእንግሊዞቹ «ዘ አርቸርስ» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1951 ለመላ አገሪቱ መተላለፍ ሲጀምር ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ ገበሬው ምርት እንዲጨምር መምከር ነበር። ምክሩ ቆየት ብሎ ቀረ። የመንደሩ ሰዎች ግን አልቀሩም፤ ዛሬም ይተላለፋል። ሰው የሚመለሰው እከሌ ከልጁ ጋር ታረቀ ወይ ብሎ ነው።

ርዝመቱ፦ 15 ደቂቃ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሳሙና አምራቾች ገንዘብ እየከፈሉ በየቀኑ የሚያስተላልፏቸው ድራማዎች 15 ደቂቃ ነበሩ። የቤት እመቤቷ ሥራዋን ሳታቋርጥ ትሰማዋለች። የናንተም አድማጭ ባጃጅ ላይ፣ ልብስ አጠባ ላይ፣ በርጫ ላይ ነው። ለ15 ደቂቃ ሦስት ትዕይንት በቂ ነው፤ አራተኛ ከጨመራችሁ ሰዉ ይደናገራል።

አቋራረጡ ላይ ብዙ አስቡ። ጀማሪ ጸሐፊ ክፍሉን የሚያቆመው በድርጊት ላይ ነው። በር ተንኳኳ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሙዚቃ። ያ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሰዉ በሩን ያንኳኳው ድመት መሆኑን ይለምደዋል። ውሳኔ ላይ ቁሙ። ፖሊሱ ሻዩን ጠጥቶ «በዚያን ዕለት ማታ እዚህ ነበርሽ?» ይላታል። አፏን ትከፍታለች። እዚያ ላይ ይቆም። ሳምንቱን ሙሉ አድማጩ በእሷ ቦታ ሆኖ ይመልስላታል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የመጀመሪያውን ክፍል ከመልቀቃችሁ በፊት ቢያንስ የአንድ ወር ክፍል ቀድታችሁ ያዙ። አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ፈተና ይደርስበታል፣ መብራት ይጠፋል። አድማጭ በቀጠሮው ቀን መጥቶ ካጣችሁ ይቀየማል፤ መመለሱም ያጠራጥራል።

የከዚራ ልጅ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ለጓደኞቼ በሙሉ አነበብኩላቸው።

ሽሽታው ወጥቷል። አቀናባሪያችን መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ከዚያ «ሳቢያን» የሰጠንን ምክር ሞከረው። ቡና ቤቱ ውስጥ ባለው ሬዲዮ ላይ ብቻ ሽሽታ ጨመረ። ሲሰማው ራሱ ወደደው። የሐረማያው ልጅ ቅዳሜ ይመጣል። መግቢያችን ማንኪያና ብርጭቆ ነው። ቋንቋውን ባለባጃጁ እንዳለው አድርገነዋል፤ ጥያቄው በአንዱ ቋንቋ ከሆነ መልሱ በሌላው። ተራኪው ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው። እኔ ደወል ደዋዩን ወድጄዋለሁ። ሻይ ሻጯን የምትጫወተው ጓደኛዬ ደግሞ ቲቸርን ነው የምትደግፈው።

ቲቸር፣ የቤቱን ነገር እሺ ካሉልን መጥተን እርስዎንም ብናገኝ ደስ ይለናል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምርብዎት።

መልሶቹን ለአያቴም አነበብኩላቸው። ከዚያ የቀዳነውን አሰማኋቸው። ባቡሩ ሲመጣ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «ይሄ የኛ ባቡር አይደለም» አሉ። ያወረድነው የሌላ አገር ባቡር ነው፤ ለእኔ ባቡር ሁሉ አንድ ነበር። እሳቸው ግን አስረዱኝ። የኛው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ጠባብ ነው። ሐዲዱ ቁርጥራጭ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ስለሆነ ጎማው መጋጠሚያውን ባለፈ ቁጥር ይመታል። ኩርባ ላይ ደግሞ ብረቱ ያፏጫል። አሁን ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ድምፁም ሌላ ነው፤ እሱን ብንቀዳ አይሆንም። እሳቸው ድምፁን ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው መቱልኝ። ተክ-ተክ፣ ትንሽ ዝም፣ ተክ-ተክ። ጣቢያ ሲደርስ ምቱ ከምቱ እየራቀ፣ እየራቀ። እንዴት አድርገን ነው ይሄን የምንሠራው?

ቲቸር ከሐረር

ልጄ፣ መልሱ እኮ ቤትሽ ውስጥ ነው ያለው።

አያትሽ ጠረጴዛው ላይ የመቱትን ቅጂው። ስልክ ይበቃል፤ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፊና ስልኩን በሱ ላይ አስቀምጪው። ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ፣ ሲቀንስ፣ ሲቆም፣ ሲነሳ፣ አራቱንም ለየብቻ ይምቱልሽ። አታስቸኩያቸው። ያ የፍጥነታችሁ መለኪያ ይሆናል። ከዚያ ወፍራም የብረት ቁራጭ ፈልጉ። ብየዳ ቤት አይጠፋም። መሬት ላይ ሳይሆን በሁለት እንጨት ላይ አስተኙትና የአያትሽን ምት በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ በመዶሻ ምቱት። አንዱ ምት ከሌላው ትንሽ ይለይ፣ እኩል እንዳይሆን። ባቡሩ ከውጭ ለሚሰማበት ትዕይንት ማይኩን ራቅ አድርጉት፤ ተሳፋሪዎቹ ውስጥ ላሉበት ትዕይንት ደግሞ ብረቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጉበት። የኩርባውን ፉጨት ባለሙያው እሳቸው ናቸው፤ ምን በምን ላይ ሲፋቅ እንደሚመስል ይጠየቁ።

ደወል ደዋዩን ከመረጣችሁ ደግሞ ሌላ ሰው አትፈልጉ። እሳቸውን ማይክ ፊት አስቀምጧቸው። ማንበብ ካልቻሉ አንቺ ከጎናቸው ሆነሽ ዓረፍተ ነገሩን በሹክሹክታ ንገሪያቸው፤ እሳቸው በራሳቸው አነጋገር ይበሉት። የአንቺን ሹክሹክታ በኋላ ትቆርጡታላችሁ። ሻይ ሻጯን ስለማስተረክ ያልኩትንም ጽሑፍ አዘጋጁ ካሉት በኋላ አስቤበታለሁ። ለዚህ ታሪክ የእሳቸው ሐሳብ ይሻላል።

ቤቱን ጠይቄያለሁ፤ እሺ ብለዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈረስ መጋላ እጠብቃችኋለሁ። አሸዋውንና ትሪውን ይዛችሁ ኑ፤ ሙቀጫው እዚህ አለ።